በቅጹ ላይ ባዶ የቀረው መስመር

ኦቦ ኩምሳ ማክሰኞ ጠዋት አልጋቸው ላይ ሞተው ተገኙ። ከራስጌያቸው ሦስት ባዶ የኪኒን ማሸጊያዎች ተጥለዋል። አምቦ ላይ ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ስልክ የደወለው አማቻቸው ንዋይ ለፖሊስ የነገረው አጭር ነበር፦ «ኪኒናቸውን መዋጣቸውን ረስተው ደጋግመው ዋጡ።»

ኢንስፔክተር ቀድሪያ አስከሬኑን ስታይ በራሷ ተናደደች። ከሦስት ሳምንት በፊት እኚሁ ሰው ጣቢያ ድረስ መጥተው «ልጄ፣ እኔ አልታመምኩም፤ የተሳሳተው ወረቀቱ ነው» ብለዋት ነበር። ወረቀቱን አየችው። ሕንድ አገር የተደረገ የልብ ምርመራ ውጤት ነው፤ የመርሳት በሽታ ምልክት ተገኝቷል ይላል። ፍርድ ቤትም በዚያው ወረቀት ንዋይን ሞግዚታቸው አድርጎ ሾሞታል። ማኅተም ያለበት ወረቀትና አንድ ሽማግሌ ሲከራከሩ ማን እንደሚረታ ማን ያጣዋል? «አባኮ፣ ቤት ገብተው ይረፉ» ብላ በባጃጅ ሸኘቻቸው።

ንዋይ ገበያው አጠገብ መድኃኒት ቤት አለው። ጥቁር ለብሶ፣ ዓይኑ ቀልቶ ተቀበላት።

«ሰኞ ማታ ከእሳቸው ጋር ማን ነበር?»

«እኔ ብቻ። ባለቤቴ ዶርቃስ ለቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ጊንጪ ሄዳለች። አብሽ በማር በጥብጬ ሰጠኋቸው፤ ኪኒናቸውንም እንደወትሮው ፊቴ ዋጡ።»

«እንደወትሮው?»

«ማታ ማታ ነው የሚወስዱት። አንድም ቀን ቀርቶባቸው አያውቅም።» ትንሽ አሰበና ጨመረ፦ «ከጠረጠሩ ወንድማቸውን ይጠይቁ። እሁድ ዕለት በር ላይ ሲጮኹባቸው ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷል።»

የሟች ወንድም ኦቦ ጃርሶ የእጃጂ ገበሬ ናቸው። ጩኸቱን አልካዱም።

«ኤዬ፣ ጮኼበታለሁ። ለልጅህ ንገራት ብለው እምቢ አለኝ። ፍርድ ቤት እስክቀርብ ማንም እንዳይሰማ አለ።»

«ምኑን ነው የሚነግሯት?»

«ጤና ጣቢያ ሲስተር ለንሳን ጠይቂያት። ወንድሜን ወደሷ የወሰድኩት እኔ ነኝ። የመድኃኒቱን ነገር ግን እሷ ታስረዳሽ።»

ቀድሪያ አስቀድማ የሟችን ልጅ ዶርቃስን አነጋገረች።

«አባትሽ የሚወስዱት ኪኒን ምንድን ነው?»

«የእንቅልፍ ነው።»

«ስሙን ነው የጠየቅሁሽ።»

ዶርቃስ አንገቷን ደፋች። «እናቴ ካረፈች ወዲህ ነው የጀመረው። ቤት ውስጥ የእንቅልፍ ነው የምንለው። ትክክለኛ ስሙን የሰማ ሰው፣ እምነት ጎደለው ይላል።»

«ሕንድ ይዘሻቸው ስትሄጂ የሆስፒታሉን ቅጽ የሞላሽው አንቺ ነሽ። የሚወስዱት መድኃኒት የሚለው መስመር ላይ ምን ጻፍሽ?»

«ባዶ ተውኩት።»

«ማንን አማክረሽ?»

ዶርቃስ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች።

ጤና ጣቢያ ሲስተር ለንሳ መሳቢያዋን ከፍታ ያልተነካ ኪኒን አወጣች። «ሐኪሙ ቀስ በቀስ አስቀንሶ አስቆማቸው። ቤት ካለ ይፈትነኛል ብለው የቀረውን ሁሉ ከመሞታቸው ዐሥራ ሁለት ቀን በፊት አስረከቡኝ። የልብ ምርመራውን ሊደግሙ ነበር።» ቀድሪያ በማሸጊያው ላይ የታተመውን ባች ቁጥር፣ የምርቱን መለያ፣ ቀዳች።

በዐሥረኛው ቀን የአስከሬን ምርመራው ውጤት ከአዲስ አበባ ደረሰ። ቀድሪያ ሁሉንም በሐዘኑ ቤት ሳሎን ሰበሰበቻቸው፤ ሁለት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችም ነበሩ።

«የሕንዱ ምርመራ እንዲህ ነው» አለች። «ጥቂት ጨረር ያለው መድኃኒት በደም ሥር ይሰጣል። የልብ ነርቮች ሲቀበሉት ካሜራው ያሳያል። ያ የመርሳት በሽታ ነርቮቹን ስለሚጎዳ የልቡ ቦታ በምስሉ ላይ ባዶ ይሆናል። ኦቦ ኩምሳ ይወስዱት የነበረው ኪኒን ደግሞ የጤነኛ ሰው ነርቭም መድኃኒቱን እንዳይቀበል ይከለክላል። መጠነኛ መርሳትም ያመጣል። ሐኪሞቹ ቢያውቁ ኖሮ አስቁመው ነበር የሚመረምሯቸው። ቅጹ ባዶ ስለነበር ጤነኛውን ሰው በሽተኛ አሏቸው።»

ወደ ንዋይ ዞረች። «እርስዎ» ማለቱን ተወችው።

«አንድም ቀን ቀርቶባቸው አያውቅም አልከኝ። ካቆሙ ዐሥራ ሁለት ቀን ሆኗቸው ነበር፤ ኪኒናቸውም ሲስተር ለንሳ ዘንድ ነው። አልጋቸው አጠገብ የተጣሉት ማሸጊያዎች ባች ቁጥር ከጤና ጣቢያው ጋር አይገጥምም፤ ያንተ መደርደሪያ ላይ ስንፈትሽ ካገኘነው ጋር ግን አንድ ነው። በምርመራው የገደላቸው ይኸው ኪኒን ነው፤ ከብርጭቆው ሥር በተረፈው አብሽ ውስጥም ተፈጭቶ ተገኝቷል። ኦቦ ጃርሶ ማቆማቸውን ያውቃሉ፤ በኪኒን ማመካኘት አይሞክሩም። ዶርቃስ ጊንጪ ነበረች። ይህን ውሸት የሚዋሸው ማቆማቸውን ያላወቀ፣ መድኃኒቱም በእጁ ያለ ሰው ነው።»

«ለምን ብዬ?»

«አስፋልቱ ዳር ያለውን ቤታቸውን በሞግዚትነትህ ልትሸጥ ተዋውለሃል። እሳቸው ደግሞ ሞግዚትነቱ እንዲነሣ አመልክተው ቀጠሮው ደርሶ ነበር፤ መጥሪያውን አንተም ተቀብለሃል።»

ንዋይ ዓይኑን በጨው አጥቦ «ሰውዬው እብድ ነበር፤ ፍርድ ቤት የፈረደው ነው» አለ። ኦቦ ጃርሶ ከወንበራቸው ሲነሡ ዶርቃስ ቀደመቻቸው።

«ከሕንድ ደወልኩልህ» አለችው። «ከቅጹ ላይ ምርመራውን የሚያበላሹትን መድኃኒቶች አንድ በአንድ አነበብኩልህ፤ የአባቴም ነበረበት። ምን አገናኘው፣ ባዶ ተዪው፣ ምእመኑ ቢሰማ ምን ይላል አልከኝ። አንተ ባለመድኃኒት ቤት ነህ፤ አመንኩህ።»

በር ላይ የቆሙት ፖሊሶች ንዋይን ይዘው ወጡ።

«እኔ ነኝ የገደልኩት?» አለች ዶርቃስ።

ቀድሪያ ልታጽናናት ፈልጋ ነበር፤ አፏ እምቢ አላት። «የገደላቸው እሱ ነው። እኔና አንቺ ግን አላመንናቸውም።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። «የኪኒኑ ነገር እንኳ መዝገብ ላይ ባይሰፍር... ለሟች ስም ሲባል...»

ቀድሪያ ልትመልስላቸው ነበር። መልሱን ግን ዶርቃስ ሰጠች።

«ይጻፍ» አለች፣ ፊታቸው ቆማ። «አባቴ የድብርት መድኃኒት ይወስድ ነበር። የእንቅልፍ አይደለም። እናቴ ስትሞት ታመመ፤ ታከመ። አእምሮው ጤነኛ ነበር። ኢንስፔክተር፣ ልክ እንዳልኩት ጻፊው።»

ቀድሪያ ልክ እንዳለችው ጻፈች፤ ከሥሩም ዶርቃስ ፈረመች።