አንገቱ የተቆረጠው የቻይና ገንቦ

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ በዓይኔ በብረቱ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።

ፓሪስ፣ ሴንት ኦኖሬ መንገድ ላይ ባለችው አንጥረኛ ቤታችን፣ ረፋዱ ላይ... አራት ሰዓት። ፀሐይዋ ቁልጭ ብላለች።

ወንድሜ ጋቲያን ብር ይሠራል፣ እኔ ፔሪን ወርቅ ቅቡን እወለውላለሁ። ነጋዴው ቴራሶን፣ በፈረንሳይ ወግ ‘ሙሴ’ (ጌታዬ) የምንለው የአንድ መስፍን ዕቃ አቅራቢ፣ ሁለት አሽከሮች አስከትሎ አንድ አረንጓዴ የቻይና ገንቦ አመጣ። የመስፍኑ ነው። ገንቦው አፍ ላይ የሚጠልቀውን፣ በወርቅ የተለበጠውን የብር አንገትጌ ቀድመን ጨርሰንለታል።

"አንገቱ ይቆረጥና አንገትጌውን አልብሱት። ረዝሞ የመስፍኑ መደርደሪያ ውስጥ አልገባ አለ" አለን።

"የላይኛው መደርደሪያ ከፍ ቢልስ፣ ሙሴ?"

"የመስፍን ግድግዳ አይነካም! አንቺ ወርቅሽን ወልውዪ!"

ያን ሁሉ ባሕር ሳይጫር ተሻግሮ... ለመደርደሪያ ብለው አንገቱን! ደሜ ፈላ።

ጋቲያን ግን ሥራ ነው ብሎ በሽቦና በአሸዋ ይገዘግዘው ጀመር። እንደ ልማዱ እያዜመ።

ሽቦው ግማሽ ሲደርስ... ድምፁ ጎረነነ።

ሲጨርስ... ጸጥ።

"ጋቲያን?"

አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣም። አንገቱ ዙሪያውን ቀጭን ቀይ መስመር ወጥቶበታል።

"አቧራ ነው፣ ውሃ ስጪው" አለ ቴራሶን። "አንገትጌውን ቶሎ አጥልቁለት።"

"ወንድሜ መናገር አቃተው እኮ!"

"እጁ ይሠራ የለ?"

እጁ ይሠራ የለ! አፈር ያስበላህ!

ቴራሶን ራሱ አንገትጌውን አንስቶ ገንቦው ላይ ጠበቅ አድርጎ ገጠመው። ጋቲያን ወዲያው ጉሮሮውን ያዘ። ፊቱ ጠቆረ። ትንፋሽ አጠረው...

ጉጠት አነሳሁ።

"እንዳትነኪው!"

"ዞር በል አንተ!" እርስዎ ማለቱ ያኔ አበቃ። አንገትጌውን ፈልቅቄ ወረወርኩት።

ወንድሜ አየር ሳበ። ተመስገን አልኩ።

"ፔሪን..."

የራሱ ድምፅ ነው! በደስታ ዞርኩ።

አፉ ግጥም ብሎ ተዘግቷል።

"ፔሪን... እዚህ ነኝ..."

ከገንቦው ውስጥ።

ቴራሶንም ሰምቷል። ፊቱ አመድ መሰለ። ቆይቶ ግን... ፈገግ አለ፣ ዓይን አውጣ!

"መስፍኑ ይሄን ቢሰማ..." ብሎ አንሾካሾከ። "እንዲህ የሚናገር ገንቦ በየትኛውም ቤተ መንግሥት የለም እኮ።"

"የወንድሜ ድምፅ ነው! አይሸጥም!"

"ገንቦው የመስፍኑ ነው። ውስጡ ያለውም የመስፍኑ ነው።"

ሁለት አሽከሮቹ እጄን ጠምዝዘው ያዙኝ። ነከስኳቸው፣ ረገምኳቸው፣ አልለቀቁኝም። ቴራሶን ገንቦው በመንገድ እንዳይሰበር ብሎ ውስጡን ጭድ ይጠቀጥቅ ጀመር።

"ፔሪን፣ እንዳይወስ..."

ጠቀጠቀ። ድምፁ ታፈነ።

ገንቦውን የጫነው የቴራሶን ሠረገላ ሲሄድ ለቀቁኝ። ልሮጥ ስል ጋቲያን ክንዴን ጨመቀኝ። አፉን ከፈተ...

እስከ ጉሮሮው ድረስ ጭድ ነበር።

ጎትቼ አወጣሁ። ደግሜ ጎተትኩ። እየጮህኩ፣ እየተሳደብኩ ጎተትኩ...

አላለቀም።