አምስት ቋጠሮ ያለው ክር

ይህ ነገር ሆኗል። የነገረኝ አራዳ ውስጥ ከሱቄ ጎን ስልክ ይጠግን የነበረው ህሩይ ራሱ ነው። ሲነግረኝ አልማለም፣ አላለቀሰም። የግራ እጁ አውራ ጣት ግን አንድም ጊዜ አላረፈም።

ቦታው ከዳባት ወዲያ ያለ ደጋ ነው። ወሩ መስከረም፣ ሰዓቱ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት። ነግቷል። ግን ጉም ነበር...

ህሩይ እርጥብ ሣር ላይ በደረቱ ተኝቷል። ከፊቱ የሟች ወንድሙ ክላሽ። ከአፋፉ ሥር ወደ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን የሚወስድ ቀጭን መንገድ።

በዚያ መንገድ አስማረ ይመጣል።

ታላቅ ወንድሙን ሰውአገኝን የገደለው አስማረ። በእርሻ ድንበር ተጣሉ፤ ከዚያ ሰውአገኝ ለእረፍት መጥቶ ገብስ ሲያጭድ፣ አጎንብሶ ሳለ፣ ከጀርባው መታው። ፊት ለፊት እንኳ አልነበረም።

ያን ቀን እርቅ ነው። በአገሩ ወግ ገዳይ ጫማውን አውልቆ፣ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ፣ በሽማግሌዎች መሀል ይመጣል። የሟች ወገን ድንጋዩን ካወረደለት ደሙ ደረቀ ይባላል።

ህሩይ ድንጋይ ሊያወርድ አልመጣም።

ሰውአገኝ በሕይወቱ ሳለ የምልምል ወታደሮች የተኩስ አሰልጣኝ ነበር። ምልምሎቹ ሲተኩሱ አንዴ ይመታሉ፣ አንዴ ይስታሉ። ስለዚህ ጥቁር ክር ላይ አምስት ቋጠሮ ይቋጥርና በግራ መዳፋቸው ዙሪያ ያስርላቸዋል። በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ ቋጠሮ በቋጠሮ ያልፋሉ። ጉንጭ፣ ሰደፉ ላይ ይረፍ። ትከሻ፣ ይላላ። ትንፋሽ፣ ግማሹ ይውጣ። ዓይን፣ ማነጣጠሪያው ጫፍ ላይ ይቅር። ጣት፣ ምላጩን ቀስ አድርጎ ይሳብ።

"አንድ ቀን መምታት የዕድል ነው" ይላቸው ነበር። "ተኳሽ ማለት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አድርጎ የሚተኩስ ነው። ሰው ሲፈራ ቃሉ ይጠፋዋል። ጣት ግን አይረሳም።"

ለህሩይም ሊያስተምረው ሞክሮ ነበር። አጥር ላይ ቆርቆሮ ሰቀለለት። ህሩይ ተኮሰ... ከቆርቆሮው ይልቅ የጎረቤት ዶሮ ደነገጠች።

"ወይ አንተ!" አለው ሰውአገኝ፣ ሆዱን ይዞ እየሳቀ። "ዝሆን ቢያቆሙልህ ቁጥቋጦውን ትገድላለህ። በል ሂድ፣ ስልክህን ጠግን።"

ከቀብሩ በኋላ ህሩይ ከአራዳ ጥቁር ክር ገዛ። አምስት ቋጠሮ ቋጠረ። ክረምቱን በሙሉ እየተመላለሰ ሸለቆ ውስጥ ተኝቶ ለመደ። ጉንጭ፣ ትከሻ፣ ትንፋሽ፣ ዓይን፣ ጣት... እስኪበቃው። ነሐሴ ሲያልቅ ቆርቆሮው በእያንዳንዱ ጥይት ይወድቅ ነበር።

ያን ጠዋት ከቤት ሲወጣ እናቱ ወለተሩፋኤል ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር። እጁ ላይ ያለውን ክር አየችው።

"ይሄ ምን ያደርግልሃል?" አለችው። "የሱ እያለ።"

"የሱማ አብሮት ተቀበረ፣ እምዬ።"

እውነቱን ነው፣ ተቀብሯል። አስከሬኑ ሲገነዝ ቄሱ ክሩን እጁ ላይ አይተው፣ መቁጠሪያ መሰላቸው። "የጸሎት ሰው ነበር፣ አትፍቱት፣ ይዞት ይሂድ" አሉ። ሰው ሁሉ አለቀሰ።

"እምዬ... ምነው ያኔ መቁጠሪያ አይደለም አላልሽ?"

እናቱ ነጠላዋን አፏ ላይ ሳበች።

"አውቅ ነበር" አለች በሹክሹክታ።

"ታዲያ ምነው?"

"መቁጠሪያ ይዞ ቢሄድ ይቅር ይላቸዋል። ይሄን ከያዘ ግን... ይለማመዳል።"

ህሩይ ክላሹን ትከሻው ላይ አነገተ። ወጣ።

አሁን አፋፉ ላይ ነው።

ጉንጩን ሰደፉ ላይ አሳረፈ። ወዲያው ቀና አለ።

ሰደፉ ሞቆ ነበር።

አፈሙዙ ጤዛ ለብሷል። ካዝናው በረዶ ነው። ሰደፉ ግን፣ ልክ ጉንጭ የሚያርፍበት ቦታ ላይ... ሰው አሁን የተነሣበት ትራስ ይመስል ነበር።

"የራሴ ሙቀት ነው" አለ ለራሱ። ተመልሶ ተኛ። አውራ ጣቱን ወደ ሁለተኛው ቋጠሮ አሳለፈ።

ቆረቆረው።

አየው። ክሩ ጥቁር አልነበረም። አርጅቶ ቡናማ ሆኗል፣ ጫፉ ተበልቷል። በቋጠሮዎቹ መሀል ቀይ አፈር ገብቶ ደርቋል።

የራሱን ክር ፈለገ። ጃኬቱ ኪስ ውስጥ አገኘው። ቋጠሮዎቹ ሁሉ ተፈተዋል።

ሊጮህ ፈለገ። ነገር ግን ከታች ድምፅ መጣ፤ እርጥብ ጉም ውስጥ ድምፅ ቅርብ ነው።

"አያ እንኳየሁ... ድንጋዩ ከበደኝ።"

"ይክበድህ እንጂ! ሰው ገድለህ ጥጥ ልናሸክምህ ነው?" ያሉት ሽማግሌው ናቸው። "ሂድ፣ ቀና አትበል።"

"ህሩይ ቢገድለኝስ?"

"ከሽማግሌ መሀል ሰው አይገደልም። እንዲህ ያለ ነገር በአገራችን ታይቶም አይታወቅ።"

"ድንጋዩን ባያወርድልኝም እግሩን ልሳም። ሌላ አልፈልግም።"

ከጉሙ ውስጥ ወጡ።

ህሩይ ዓመቱን ሙሉ የጠላው ሰው ትልቅ ነበር። በሕልሙ ሁሉ ጣራ የሚያህል ነበር። ይህኛው ከስቷል። ባዶ እግሩ በብርድ ጠቁሯል። ድንጋዩ ሲንሸራተትበት በአንገቱ ይደግፈዋል። ከሩቅ ሲታይ አሮጊት ይመስላል።

ምላጩ ላይ ያለው ጣቱ ሞተ። ማለት፣ ፈቃዱ ከጣቱ ወጣ።

"እኔ ይሄን ገድዬ ምን አገኛለሁ?" አለ በሆዱ። "ነገ ወንድሞቹ እኔን። ከዚያ ዘመዶቼ እነሱን። መቼ ሊያልቅ?"

ካዝናውን ነቀለ። ክላሹ ውስጥ የቀረችውን አንዲት ጥይትም አወጣና መዳፉ ላይ ጨበጣት። ክሩን ግን ሊፈታው አልቻለም፤ ቆዳው ውስጥ የገባ ይመስል ጠበቀ።

"በቃ ሰውአገኝ" አለ በሹክሹክታ። "ይቅር። እኔ ወርጄ ድንጋዩን አወርድለታለሁ።"

ፀጥ...

ከዚያ በቀኝ ጆሮው ሥር፣

"ትንፋሽ።"

ህሩይ ትንፋሹን ዋጠ። ደረቱ ቆመ። ከጎኑ ግን ነጭ ትንፋሽ ብርዱ ላይ ወጣ... ግማሹ ብቻ። ግማሹ ቀረ።

"ሰውአገኝ፣ ተው" አለ።

"ዓይን።"

"ተው አልኩህ! እለምንሃለሁ፣ ወንድሜ። ይቅርታ ሊጠይቅ ነው የመጣው።"

የዚያኛው ድምፅ አልተቆጣም። ምልምል እንደሚያስተምር ሰው የረጋ ነበር። ህሩይን ከሁሉ በላይ ያስፈራው ይህ ነው። አሰልጣኝ ይቆጣል፣ ይቀልዳል፣ ይስቃል። ይህ ግን ሳቁን መቃብር ትቶ መጥቷል።

የህሩይ አውራ ጣት ሳያዘው ወደ መጨረሻው ቋጠሮ ተንቀሳቀሰ።

"አስማረ!" ብሎ ጮኸ ህሩይ። "ተኛ! መሬት ላይ ተኛ!"

አስማረ ቀና አለ።

"ጣት።"

ተኩሱ ገደሉን አናወጠው።

ክላሹ አልተንቀሳቀሰም። ህሩይ አፈሙዙን ያዘው፤ እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል። ጥይቷም መዳፉ ውስጥ ነበረች።

ከታች አስማረ በፊቱ ተደፍቷል። ድንጋዩ ከጫንቃው ወርዶ አጠገቡ ቆሟል። ሽማግሌዎቹ አንድ ላይ ወደ አፋፉ አዩ፤ ጉሙ ተገልጦ ነበርና ህሩይን ከነክላሹ አዩት።

"ህሩይ!" አሉ አያ እንኳየሁ። ድምፃቸው ተሰበረ። "ምነው ልጄ? ምነው? በሽማግሌ መሀል?"

"እኔ አይደለሁም፣ አያ! በእግዜር ስም እኔ አይደለሁም!"

ጥይቷን ከፍ አድርጎ አሳያቸው። ከዚያ ርቀት ጥይት ለማንም አትታይም። የታያቸው ተጨብጦ የተነሣ እጅ ነው፤ ፉከራ መሰላቸው።

አንዱ ሽማግሌ ነጠላውን ፊቱ ላይ ጣለ። ሌላው መሬት ላይ ተቀመጠ።

ያኔ ከህሩይ ጎን ሣሩ ተንኮሻኮሸ።

ዞረ። በቀኙ ያለው ሣር በሰው ቁመት ልክ ተጋድሞ ነበር። አሁን ቀስ እያለ ይነሣል... መጀመሪያ የክርኑ ቦታ፣ ከዚያ የደረቱ፣ ከዚያ የጉልበቱ።

ማንም አልነበረም።

ከዚያ ጤዛው ላይ መንገድ ተከፈተ። ሣሩ እርምጃ በእርምጃ እየተረገጠ ቁልቁል ወረደ። በሽማግሌዎቹ መሀል ሲያልፍ አያ እንኳየሁ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ፣ ነፋስ የነካቸው ይመስል።

"አበቃ" አለ ህሩይ። "ደምህን አገኘህ። አበቃ አይደል?"

መንገዱ አስከሬኑ ዘንድ ሲደርስ አልቆመም፤ ወደ ማዶ ቀጠለ።

ማዶ፣ ከአስማረ ቤት ደጃፍ፣ ወንድሞቹ ተኩሱን ሰምተው ወጥተው ነበር። እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ወደ መንገዱ ያያሉ። ከፊታቸው ትንሽ ጉብታ አለ፣ ሣሩ ረጅም ነው።

እዚያ ጉብታ ላይ ሣሩ ቀስ ብሎ... በሰው ቁመት ልክ... ተኛ።