ከቀዩ ሥር

ጴጥሮስ ስልኩን ሲያቀብላት ሆሳዕና በመጀመሪያ ያየችው ስልኩን ሳይሆን እግሩ ሥር ያቆመውን ጆንያ ነበር።

«ያቃተሽን የጌሙን ምዕራፍ አልፌልሻለሁ» አላት። «ባለካባው አሁን ከተማው ውስጥ ገብቷል። እንኪ፣ ትንሽ ተጫወቺ።»

ጴጥሮስ ስልኩን ለገዛ እህቱ እንኳ አያበድርም። ባለፈው ሰኞ ክፍል ውስጥ «አንዴ ልሞክር» ብላ ስትለምነው «ባትሪ ይጨርሳል» ብሎ ኪሱ ከትቶት ነበር። ዛሬ ባትሪው ዘጠና በመቶ ላይ ነው።

ቅዳሜ ነው። ከቴፒ ወጣ ብሎ ባለው የእሸት ቡና መረከቢያ ሰው ጆንያውን ይዞ ተሰልፏል። የሆሳዕና አባት አቶ ዓለምሸት ሚዛኑ ላይ ናቸው። የእሷ ሥራ ደግሞ እያንዳንዱ ጆንያ ከመመዘኑ በፊት ሸራው ላይ ዘርግፎ ማየት ነው። ቀይ ያልፋል። ሸራው ላይ አረንጓዴ የተገኘበት ሰው ግን ጆንያውን ተሸክሞ ይመለሳል፤ ወቅቱ እስኪያልቅም ቡና ይዞ አይመጣም።

ሕጉ የጠነከረው በዚህ ሳምንት ነው። ማጠቢያ ጣቢያው አንድ ሙሉ መኪና «አረንጓዴ በዝቶበታል» ብሎ መለሰና መንደሩ በሙሉ ዝናብ እየመታው አረንጓዴውን ፍሬ በፍሬ ሲለቅም ዋለ። ከተደገመ ጣቢያው ከእነሱ መረከቢያ ጨርሶ አይቀበልም። ማን እንደቀላቀለው አልታወቀም። ከዚያ ወዲህ ሰው ሰላም የሚባባለው ዓይኑን የጎረቤቱ ጆንያ ላይ አድርጎ ነው።

«እኔው እዘረግፈዋለሁ፤ አንቺ አትድከሚ» አለ ጴጥሮስ።

«ድካሜ ያሳሰበህ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«አታካብጂ፤ ጓደኛሽ አይደለሁ?»

ስክሪኑ ላይ ባለካባው ቆሞ ይጠብቃታል። ከጌሙ ሰዎች ሁሉ የምትወደው እሱን ብቻ ነው። ለሚዋጉት ለሁለቱም ወገኖች መሣሪያ ይሸጣል፤ ያሳደሩትን ሰዎች ድልድይ ያቃጥላል። ጋሻ ያነገበው ጻድቁ ጀግና ምን እንደሚል አፉን ሳይከፍት ይታወቃል፤ እንደ ርዕሰ መምህሩ የሰኞ ንግግር። ባለካባው ግን አይታወቅም። እውነት ይናገር ወይስ ይዋሽ የሚል ምርጫ በመጣ ቁጥር ሆሳዕና ውሸቱን ትጫንለታለች፤ አንድም ቀን ቆጭቷት አያውቅም። ጌሙ ከእያንዳንዱ ተንኮል በፊት የታመመ ወንድሙን ያሳያታላ።

የጴጥሮስን ምክንያት ግን ማንም አላሳያትም።

ስልኩን መለሰችለትና እጇን ወደ ጆንያው አፍ ሰደደች። ላዩ ቀይ ነው፤ አንድ እንከን የለውም። ክንዷ እስከ ክርኗ ሲገባ ፍሬው ጠነከረባት። አንዱን በጣቶቿ ጨመቀችው። እንደ በሰለ ፍሬ አልፈነዳም።

ከኋላቸው እትዬ ሀጂራ አንገታቸውን አሰገጉ። «አንቺ ልጅ፣ ዘርግፊው እንጂ! እግሬ አለቀ!»

«ሆሲ፣ በናትሽ» አለ ጴጥሮስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሌባ ሁለት ጊዜ ገብቶ ቀዩን ለቀመብን። እናቴ ሦስተኛ ሳይመጣ ብላ ያልደረሰውንም አወረደችው።»

«የተመለሰው መኪና ላይ የነበረውስ?»

ጴጥሮስ ጫማውን አየ።

«ጴጥሮስ!»

«እኛ ብቻ አልነበርንም።»

በዚያ ዝናብ አጠገቧ ተቀምጦ ሲለቅም እንደነበር ትዝ አላት። «ይሄን የቀላቀለ ሰው ሼም የለውም» ያለውም እሱ ነበር።

«ባለካባው ቢሆን ታሳልፊው ነበር» አለ።

«አሳልፈው ነበር።»

እውነቷን ነበር፤ ይበልጥ ያናደዳትም ይኸው ነው።

አቶ ዓለምሸት ከሚዛኑ ላይ ቀና አሉ። «ሆሳዕና! ምን ያዘሽ?»

ጴጥሮስ የጆንያውን አፍ በእጁ ሸፈነ።

«ይሄኛው ገና አልተለቀመም፣ አባዬ» አለች። «ከሰልፉ ይወጣል። ዋንዛው ሥር ለቅመን እንመጣለን።»

«ለቅመን? አንቺም?»

«እኔም።»

እትዬ ሀጂራ «እህህ!» አሉ፤ እስከ ማታ መንደሩን ሊያዳርስ የሚችል እህህ ነበር። አቶ ዓለምሸት ጆንያውን አዩ፤ ቀጥለው ልጃቸውን አዩ። ብዙ ጥያቄ እንዳላቸው ያስታውቃሉ።

«ቀጣይ!» አሉ።

«አረንጓዴው ወደ ቤታችሁ ይመለሳል» አለች ሆሳዕና በሹክሹክታ። «አንድ ፍሬ ብትደብቅ የምጮኸው እኔው ነኝ።»

«አታምኚኝም ማለት ነው?»

ሰው ሁሉ እያያት የጆንያውን አንድ ጫፍ ያዘችና ሌላውን እስኪያነሳ ጠበቀችው።