ከዶሮ በፊት የነበረችው ወፍ

በ1963 ዓ.ም. አንድ ቀን ረፋድ ላይ ወታደሮች የዓባ ሻውል ሰፈርን መተላለፊያዎች ዘግተው ቤት ለቤት መፈተሽ ሲጀምሩ፣ ኣምለሰት እንቁላል ልትገዛ ከገባችበት ሱቅ ሳትወጣ ቀረች። ወሎዬው ባለሱቅ ሻዕባን በሩን ከውስጥ ቀረቀረው። አብሯት የተዘጋበት ደንበኛ አንድ ብቻ ነበር፤ ጣቶቹ በጠመኔ የነጡ ቀጭን ወጣት።

ውጭ የጫማ ኮቴ ይሰማል። ወጣቱ የያዘችውን እንቁላል ቀስ ብሎ ተቀበላት።

«ከዚህና ከዶሮ ማን ይቀድማል?» አላት በሹክሹክታ።

«መምህር ነዎት እንዴ?»

«እወ። ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ተወልደመድኅን እባላለሁ።»

«የምትቀድመውማ ዶሮ ናት። ያለ ዶሮ ማን ይጥለዋል?»

«ዶሮ ለመሆን ጥቂት የቀራት ወፍ። እንቁላልማ ዶሮ ሳትኖር ብዙ ዘመን ነበር፤ እንሽላሊትም ትጥላለች። ያቺ ወፍ ከጣለችው እንቁላል ከእናቱ በጥቂቱ የተለየ ጫጩት ይፈለፈላል። ልዩነቱ ትውልድ በትውልድ ሲጠራቀም ዶሮ የምንላት ትገኛለች።»

«እናት ልጇን አታውቃትም ማለት ነው?»

«ታውቃታለች እንጂ። ቁርጥ እሷን ናት።»

ኣምለሰት አፏን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ሳቀች። በሩ እስኪከፈት ዓይኗን ከፊቱ አልነቀለችም።

ከዚያ በኋላ አመሻሽ ላይ በኮምቢሽታቶ ጎዳና አብረው መታየት ጀመሩ። ወዲያው ግን ተወልደመድኅን ወደ ደሴ እንዲዛወር ታዘዘ። ከመሄዱ በፊት ሽማግሌ ላከ። አባቷ ቀሺ ገብረእግዚኣብሄር ቤት ጊዮርጊስ በሚባለው ኮረብታማ ሰፈር ካህን ናቸው፤ በክፍል ውስጥ የሚያስተምረውን ሰምተው ኖሮ፣ ራሱ ቀርቦ እንዲያነጋግራቸው አዘዙ።

«ይጠይቁሃል» አለችው ኣምለሰት። «ዶሮ በል። አንድ ቃል ናት። እምቢ ካሉ እዚያ ቤት ታፍኜ እቀራለሁ።»

«ተማሪዎቼን በምን ዓይኔ አያለሁ?»

«እኔንስ?»

በቀጠሮው ቀን ቀሺ ፊት ቀረበ።

ቀሺ በእርጋታ ጠየቁት። «ልጄ፣ እግዚአብሔር ቀድሞ የፈጠረው ዶሮን ነው ወይስ እንቁላልን?»

ተወልደመድኅን የቀረበለትን ሻሂ ትክ ብሎ አየ። «ዶሮን» አለ።

የቀሺ ፊት በራ። ኣምለሰት ግን ከመጋረጃው ጀርባ ሆና የእሱን ፊት ነበር የምታየው። አንገቱን ደፍቶ፣ መውጫ እንደጠፋበት ሰው ላብ አጥምቆታል። ልቧ አልቻለም። መጋረጃውን ገልጣ ወጣች።

«አቦይ፣ አላመነበትም። እንዲዋሽ የለመንኩት እኔ ነኝ።»

«እውነት ነው?» አሉት ቀሺ።

«እወ። ይቅር ይበሉኝ።»

ቀሺ ብድግ አሉ። «እዚህ ቤት ሠርግ የለም።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ኣምለሰት ከቤተ ክርስቲያን በቀር ደጅ እንዳትወጣ ተከለከለች። ተወልደመድኅን የሚሄድበት ማለዳ ሲደርስ እናቷ ጽገ የበሩን ቁልፍ አስጨበጠቻትና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሁለቱ የተሳፈሩበት የደሴ አውቶብስ ኬላው ላይ ቆመ። ወታደሩ መታወቂያቸውን አገላበጠ።

«ይህቺስ ምንህ ናት?»

ገና አልተጋቡም።

«ባለቤቴ ናት» አለ ተወልደመድኅን።

ወታደሩ ወደ እሷ ዞረ። ኣምለሰት በመስኮቱ ወደ ኋላ፣ የአባቷ ቤት ወዳለበት ኮረብታ ታይ ነበር። እንባዋን ሳትጠርግ ቀና አለች።

«እወ፣ ባሌ ነው።»

መንገዱን የዘጋው አጣና ወደ ላይ ተነሣ።