እንኮይ እህል አልቀምስ ስትል

ለውሻ ብላ ከአባቷ ተጣላች ቢባል ማን ያምናል? የብርጓልን የሚያውቅ ያምናል። የብርጓል ልብስ ሰፊ ናት። በሹም አቦ ሰፈር፣ በአባቷ ግቢ ደጃፍ በከፈተቻት ጠባብ ሱቅ ቀሚስ ትሰፋለች፣ ሱሪ ታሳጥራለች። አባቷ መሪጌታ ወልደ ጻድቅ ሰፈሩ በሙሉ «የኔታ» የሚላቸው የዜማ መምህር ናቸው። ልጅቱ ድምፃቸውን ባትወርስም ግትርነታቸውን ሳትቀንስ ወርሳዋለች።

የጠቡ ምክንያት እንኮይ የምትባል ቢጫ ውሻ ናት። እንኮይ በየጊዜው ትወልዳለች፤ በወለደች ቁጥር ጎረቤት ያማርራል። አንድ ማለዳ የብርጓል ብትነሣ ቡችሎቹ የሉም። ጎረቤታቸው በማዳበሪያ ከረጢት ከቷቸው ወደ ጣና መሄዱን ስትሰማ ነጠላዋን ጥላ ሮጠች። ስትደርስ ከረጢቱ ደንገሉ አጠገብ ሊሰጥም ምንም አልቀረውም። ቀሚሷን ሳትሰበስብ ውኃው ውስጥ ገባች። ዓሣ ሊገዛ የመጣ አንድ ረጅም ወጣትም ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ከወዲያ በኩል ገብቶ ኖሮ፣ ከረጢቱን ሁለቱም እኩል ያዙት።

«ልቀቅ! የኔ ናቸው!» ብላ ጮኸችበት፣ ጎረቤቷ የላከው መስሏት።

«እሺ፣ ያንቺ ናቸው። አብረን ብናወጣቸውስ? ይከብዳል እኮ።»

ቀና ብላ አየችው። እሱም አያት። ቡችሎቹ ከረጢቱ ውስጥ እየጮኹ፣ ውኃው ከጉልበታቸው በላይ ሆኖ፣ ሁለቱም ለመውጣት ትንሽ ዘገዩ። ነገሩን ሁሉ ያመጣችው ያቺ መዘግየት ናት።

ልጁ ገድሉ ይባላል፤ የዘንዘልማ ገበሬ ልጅ፣ የእንስሳት ሐኪም ነው። ለቡችሎቹ አሳዳጊ ፈልጎ አከፋፈላቸው። ከዚያ በኋላማ ሱሪ ይዞ ወደ ሱቋ የሚመጣበት ሰበብ በዛ።

«ይህን ሱሪ አሳጥሬልህ አልነበር?» ትለዋለች።

«አዎ። ዛሬ ደግሞ አስረዝሚልኝ።»

ትስቃለች። ወዳዋለች፣ ምን ይደበቃል! እሱም ወዷታል።

እንኮይ ዳግመኛ እንዳትወልድ ቀዶ ሕክምና ይደረግላት ያለችው የብርጓል ራሷ ናት። የኔታ ሲሰሙ ቤቱ ተናወጠ።

«ብዝኁ ወተባዝኁ ያለው አምላክ ነው! እናንተ ማን ናችሁ?»

«ተባዙ ይበል እንጂ አባዬ፣ ጣና ውስጥ ጣሏቸው ግን አላለም» አለችና ውሻዋን አስራ ይዛ ሄደች።

ገድሉ በእጁ ሠራላት። እንኮይ ስትመለስ ትንሽ ተንገዳገደች፣ በማግስቱ ግን በላች። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጅራቷን መቁላት ተወች። ፍትፍት ሲቀርብላት ፊቷን ታዞራለች። እንግዳ ሲመጣ መጮኹ ይቅርና ጆሮዋን አታቆምም። ከሱቁ በር ሥር ተጋድማ ሰውን እንዲያው ታያለች። ሰፈሩም አፉን ከፈተ፤ ገድሉን «አምካኙ» ብሎ ሰየመው።

ይህ ሁሉ የሆነው ገድሉ ለእሑድ ሽማግሌ ሊልክ በተዘጋጀበት ሰሞን ነው። የኔታ ልጃቸውን አስጠሩና «ሽማግሌ ከደጅ አልመልስም» አሏት። «ይምጡ። ግን ያቺ ውሻ እስከ እሑድ እህል ካልቀመሰች፣ ቆመው እንደ መጡ ቆመው ይመለሳሉ። ፍጥረት ለገደለ እጅ ልጄን አልሰጥም።»

ሽማግሌ እሺ ሳይባል እንደማይቀመጥ የብርጓል ታውቃለች። ትዳሯ በውሻ ሆድ ሊመዘን ነው!

የኔታ ቤተ ክርስቲያን በሄዱበት ገድሉ መጣ። ከእንኮይ አጠገብ ተንበርክኮ ከንፈሯን ገለጥ አደረገ። ድዷ ነጥቷል። ፊቱ ጠቆረ።

«ስፌቱን አይቼዋለሁ» አለችው የብርጓል። «ቀጥ ያለ ነው። የኔ ነው ቢሉኝ አላፍርበትም።»

«ስፌቱን አልፈራሁም። ውስጡን አጥፍቼ እንደሆነስ?»

«እንዲህ አትበል! የሚወቅስህ ሰው አንሶህ ነው አንተ የምትጨመርበት?»

ገድሉ ፋሻውን ፈታ። ሽታው አፍንጫ ሰነፈጠ።

«ነጭ ሽንኩርት ማን ቀባት?»

የብርጓል ዞር አለች። ከኋላቸው የቤቱ በር ላይ እናቷ ወይዘሮ እናትዓለም ቆመዋል፤ የነጠላቸውን ጫፍ በጣታቸው ይጠመዝዛሉ።

«እኔ ነኝ ልጄ» አሉ። «ቁስሉ እንዳያመረቅዝባት ብዬ ከፌጦ ጋር ወቅጬ ቀባሁላት። ልሳ ስትጨርሰው ጊዜ ደግሞ ጨመርሁላት። ልጆቼን ሁሉ በዚሁ ነው ያሳደግሁ።»

ገድሉ ተነሥቶ አንገቱን ሰበር አደረገ። «እማማ፣ ለሰው ደግ ነው። ውሻ ስትበላው ግን ደሟን ይጨርስባታል። እርስዎ ከየት ያውቁታል? ስሸኛት መንገር የነበረብኝ እኔ ነኝ።»

ቁስሉን አጠበ፣ ጉሉኮስ ሰቀለላት። የብርጓል እጁን እያየች «ትድናለች?» አለችው።

«ብዬ አልምልልሽም። ደሟ እስኪተካ ጊዜ ይፈልጋል። ለእሑድ አትደርስም።»

ወይዘሮ እናትዓለም እንባቸው መጣ። «ለየኔታ እንዳትነግሩብኝ። ከቅዳሴ መልስ ላገኙት ሰው ሁሉ ይህን ልጅ ሲከሱ ከርመው፣ ጥፋተኛዋ የገዛ ሚስታቸው ስትሆን ምን ይውጠኛል?»

የብርጓል ገድሉን እስከ በሩ ሸኘችው። እዚያ ነው የፈነዳችው።

«እነግራቸዋለሁ! ዛሬውኑ!»

«አትነግሪያቸውም።»

«ስምህ እኮ ነው! ነገ ማን በሬውን ይዞልህ ይመጣል?»

«ስም ይመለሳል» አላት። «እናትሽን አሳፍሬ የገባሁበት ቤት ግን ቤት አይሆነኝም። እኔ አንቺን የምፈልገው ከነእናትሽ ነው።»

እንዲህ ያለውን ሰው ምን ይሉታል? ዓይኑን አየችው፣ ረጅም ጊዜ አየችው፣ ከዚያ የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለችለትና ገፋ አድርጋ ሸኘችው። በልቧ ግን ቁርጧን አውቃለች፤ ውሻዋ በላችም አልበላችም ከዚህ ሰው ወደ ኋላ የለም።

እሑድ የገድሉ አጎት አቶ ሣህሉ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ከዘንዘልማ መጡ። ደጃፉ ላይ የተጋደመችውን እንኮይን ዞር ብለው አለፏት፤ ቀና ብላም አላየቻቸው። ቤት ገብተው ባርኔጣቸውን ይዘው ቆሙ። የብርጓል እንደ ወጉ ጓዳ ናት።

«የኔታ፣ ልጅዎን ለልጃችን...» ብለው አቶ ሣህሉ ሲጀምሩ፣ የኔታ እጃቸውን አነሡ።

«ከዚያ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅ። ውሻዋ በላች?»

አቶ ሣህሉ ምን ይበሉ? ሲገቡ አይተዋታል።

የጓዳው መጋረጃ ተገለጠ። የብርጓል ወጥታ ከሽማግሌዎቹ አጠገብ ቆመች፣ ከአባቷ አንጻር።

«አልበላችም» አለች። «እኔ ልመልስ፣ ውሻዋ የኔ ናትና።»

«አንቺ! ሽማግሌ ፊት?»

«ይቅር ይበሉኝ አባዬ፣ ዛሬ ጓዳ አልቀመጥም። እንኮይ ብትሞት አልቅሼ እቀብራታለሁ። ገድሉን ግን አገባዋለሁ። ልጆቿን ሲያሰጥሙባት ከኔ ሌላ ውኃ ውስጥ የገባላት እሱ ብቻ ነው። የኔ ትዳር በውሻ ሆድ አይወሰንም! ዛሬ ቢመልሷቸው በሚቀጥለው እሑድ ይመጣሉ፣ እኔም እንዲሁ ወጥቼ እቆማለሁ። ማን ቀድሞ እንደሚደክመው እናያለን።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳሉ። የኔታ ከመቀመጫቸው ሊነሡ ሲሉ ከጓዳ ሌላ ድምፅ መጣ።

«ልጁን ተዉት። ያሳመምኋት እኔ ነኝ።»

ወይዘሮ እናትዓለም ወጡ። ነጭ ሽንኩርቱን፣ ፌጦውን፣ ሁሉን ዘርዝረው ተናገሩ። ሲጨርሱ ከልጃቸው ጎን ሄደው ቆሙ። የኔታ ሚስታቸውን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ።

«ልጁ ይህን ያውቃል?»

«ያውቃል» አለች የብርጓል። «እናትሽን አላሳፍርም ብሎ ዝም አለ። እኔ ዝም እንድልም አስማለኝ ማለት ይቻላል።»

«ሰፈሩ ሁሉ እየሰደበው?»

«እርስዎም እየሰደቡት።»

የኔታ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ወለሉን አዩ። ኀፍረት ነው፣ ንዴት ነው፣ ማንም መለየት አልቻለም።

«እንግዶቹ ለምን ቆሙ?» አሉ። «ተቀመጡ እንጂ።»

ወይዘሮ እናትዓለም እልል አሉ።

እንኮይ ግን ለእልልታውም አልተነሣችም። የሠርጉ ቀን ተቆርጦ፣ የብርጓል የራሷን ቀሚስ መስፋት ጀምራም ውሻዋ ጉሉኮስ እየተሰቀለላት ነበር። አንድ ማለዳ ገድሉ ሊያያት ሲመጣ የብርጓል በሩ ላይ ጠበቀችውና ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ጎተተችው። በግቢው ጥግ የኔታ ቁጢጥ ብለዋል። ከመዳፋቸው ላይ የተቀቀለ ዓሣ አለ፣ አጥንቱ ተለቅሞ።

«ብልዒ» ይላሉ በግእዝ ቀስ ብለው፣ ለተማሪ እንኳ ባልነበራቸው ትዕግሥት። «ብልዒ፣ እስቲ የኔ እናት፣ ብልዒ።»

እንኮይ አሸተተች። ፊቷን አዞረች። መልሳ አሸተተችና ዓሣውን ከመዳፋቸው አነሣች፤ ዋጠችው፤ መዳፋቸውንም ላሰች።

የብርጓል ሳቅም እንባም አመለጣት። የኔታ ዞር ሲሉ ሁለቱን አዩና ደንግጠው ተነሡ።

«ምን ታዩኛላችሁ?» አሉ፣ እጃቸውን በጋቢያቸው እየጠረጉ። ወደ ገድሉም ጣታቸውን ቀሰሩ። «ስማኝ አንተ! እሷን ከልክለሃታል፣ ይሁን። የልጅ ልጅ ትከለክለኝና ግን ወዮልህ!»

ገድሉ ጆሮው ድረስ ቀላ። የብርጓል ግን በአባቷ ፊት እጁን ያዘችው።

«እሱን እኛ እናውቃለን አባዬ» አለቻቸው።