ቀይ የተቀባው ጥርስ

«ትናንት ሞርደሽዋል አይደል?» አለ አባቷ የሞተር መጋዙን አጥፍቶ።

«ሁሉንም ጥርስ፣ አንድ በአንድ» አለች ልጅቷ።

ግንዱ ላይ ያለው ቁርጥ ሁለት ጣት እንኳ አልሞላም። የሚወጣው ሰጋቱራ እንደ ዱቄት የደቀቀ ነው፤ ደህና ሰንሰለት ቢሆን ጥፍር ጥፍር የሚያህል ፍቅፋቂ ይተፋ ነበር። አጎቷ ጎንበስ ብሎ ሰንሰለቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰና ሳቅ አለ።

«ኢንጂነሯ፣ ጥርሱን ብቻ ነው እንዴ የምታይው? ከየጥርሱ ፊት ያለችውን የብረት ጉብታስ?»

«ሙድ አትያዝብኝ፣ አጎቴ» አለች ፊቷን አዙራ።

አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ሞኝ አይደለችም፣ ቢያንስ እንደዚያ ታምናለች። የአባቷ ታናሽ ወንድም አብሯቸው መኖር ከጀመረ አምስት ወሩ ነው። አባቷ ዓይኑ ሲደክምበት መሞረዱን ለእሷ ያስረከባትም በዚያው ሰሞን ነበር። ጠዋት ማንም ሳይነሳ መጋዙን ይዞ የሚወጣው አጎቷ ነው። ሲመለስ መጋዙ ስለት የሚባል ነገር የለውም። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ደህናውን ሰንሰለት ለጓደኞቹ ሰጥቶ አሮጌ መልሷል ማለት ነው። ስለ ጉብታ ማውራቱም ነገር ለማስቀየስ ነው። ይህንኑ ማታ ለአባቷ ሹክ አለችው። አባቷ ራቱን ሳይጨርስ ተነሳ።

እሷ ደግሞ ማስረጃ ፈለገች። የእናቷን ቀይ የጥፍር ቀለም አምጥታ አንዱን ጥርስ ከነጉብታው ጥሩ አድርጋ ቀባችው። ሰንሰለቱ ከተቀየረ ቀዩ አይገኝም፤ አጎቷም እጅ ከፍንጅ ተያዘ ማለት ነው።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የአጎቷ ክፍል በር ገርበብ ብሏል። ልብሱን እያጠፈ ሻንጣ ውስጥ ይከታል።

«አባትሽ ሌላ ሥራ ፈልግ ብሎኛል» አላት ቀና ሳይል። «ምን እንዳጠፋሁ ግን አልነገረኝም።»

ወደ ዕቃ ቤት ሮጠች። ቀዩ እንደማይኖር እርግጠኛ ሆና ሰንሰለቱን በእጇ ሳብ ሳብ አደረገችው። ቀዩ ጥርስ ብቅ አለ። ሰንሰለቱ ያው የራሳቸው ነው። ክው አለች።

ጠጋ ብላ አየችው። ጥርሱ እስከ ጫፉ ድረስ እንደተቀባ ነው። ጉብታው ላይ ግን ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ ያብለጨልጫል። ጠዋት ሲቆረጥበት እንጨቱን ሲያሽ የቆየው ጉብታው ነው፤ ጥርሱ አጠገቡም አልደረሰም። እሷ በሞረደችው ቁጥር ጥርሱ ዝቅ እያለ ሄዷል፣ ጉብታው ግን እንደነበረ ቀርቶ ከጥርሱ በልጧል። ስለዚህ ጥርሱ የቱንም ያህል ቢሳል መንከስ አይችልም። አባቷ ሲያስተምራት ስለ ጉብታው አንስቶ ይሁን ረስቶት ትዝ አይላትም። አጎቷ ግን ነግሯት ነበር።

ጠፍጣፋው ሞረድ የመሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ አለ። ጉብታዎቹን ዝቅ ለማድረግ አንድ ሰዓት አይፈጅም። ነገ መጋዙ ግንዱን እንደ ቅቤ ሲቆርጠው አባቷ «አየሽ፣ እሱ ሲሄድ ተስተካከለ» ይላል። ከእሷ የሚጠበቀው አፏን መዝጋት ብቻ ነው። ሞረዱን አነሳችና ቀለሙ የተፋቀው ጉብታ ላይ አሳረፈችው። ግን አፈረች፤ አጎቷ ያለ ጥፋቱ ሊባረር ነው።

ሞረዱን መልሳ አስቀመጠችው። ሰንሰለቱን እንዳለ ከመጋዙ ፈታችና ወደ ቤት ገባች። ከሳሎን የአባቷ ሳል ይሰማል። ገርበብ ያለውን በር በትከሻዋ ገፋ አደረገችው፤ አጎቷ የሻንጣውን ዚፕ ሊዘጋ ይታገላል።

«አባዬ» ብላ ጠራች። «አጎቴ ክፍል ና። ሰንሰለቱን ማን እንዳበላሸው ላሳያችሁ።»