ያገሩን ሰዓት የተናገረው ኮምፒውተር

«ሁለት የኮድ መስመር ነው የጎደለው። ጽፌዋለሁ፤ ማንም አያውቅም» አለ ላቀው፣ ዓይኑን ከላፕቶፑ ሳያነሳ።

ስጦታ ስክሪኑን አየች። ትናንት የእንግዶቹን ቀጠሮ «5:00» ይል የነበረው ድረ ገጽ ዛሬ «ጠዋት 2:00» ይላል። ቱሪስቶች በቅሎ የሚያስይዙበትን ይህን ድረ ገጽ ሁለቱ የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ለደባርቅ ባለበቅሎዎች ማኅበር ፒ ኤች ፒ በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ ሠርተውታል። ነገ ጎንደር ወስደው ይወዳደሩበታል።

«ግን ለምን አምስት አለ?»

«ድረ ገጹን የያዘው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ ያለው ውጭ አገር ነዋ። ‹የአዲስ አበባን ሰዓት ቁጠር› ካላሉት የራሱን ይቆጥራል። እንግዶቹ እዚህ በጠዋቱ ሲጠብቁ እሱ ዘንድ ገና በፈረንጆች አቆጣጠር አምስት ሰዓት፣ ሌሊት ነበር። አንዷ መስመር የሰዓት ቀጠናውን ታስተካክላለች፣ ሌላዋ ወደ ሐበሻ አቆጣጠር ትመልሰዋለች።»

ከሊማሊሞ የወጣው ጉም የትምህርት ቤቱን አጥር ውጦታል። ስጦታ ያን የማታውቀውን ኮምፒውተር አሰበችው። በሩቅ አገር፣ ሰው ሁሉ በተኛበት፣ እሱ ብቻ ነቅቶ ጨለማ ውስጥ ይቆጥራል። እዚህ ፀሐይ አመዳዩን ማቅለጥ መጀመሯን ማን ይንገረው? እሱ አልዋሸም፤ ያገሩን ተናገረ። ልታዝንለት ምንም አልቀራት።

አባቷ ያርጋል ግን ትናንት ያን አምስት የረፋድ አምስት አድርጎ አነበበው። ደባርቅ ውስጥ ማንስ ቢሆን ሌላ ምን ያነባል? በቅሎውን አሳምሮ፣ እያፏጨ ሲደርስ እንግዶቹ ጠብቀው ጠብቀው ከሌላ ሰው ጋር ሄደዋል። «ያርጋልን እንቅልፍ ጣለው» ተባለ። ከዶሮ ቀድሞ የሚነሳውን ሰው! ዛሬ ማኅበሩ ተሰብስቦ ተራውን ለሌላ ሊሰጥበት ነው። ማታ እራት ላይ «ዓይኔ ደክሞ ይሆናል» ብቻ ነበር ያለው።

«ዛሬውኑ እንንገራቸው» አለች።

«ላሽ በይ ባክሽ! ከሰሙማ ጎንደር ቀረ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲባል አልሰማሽም? አንድ ቀን ይደር።»

ጎንደርን እሷም ትፈልገዋለች። ለመንገዱ የታጠበው ሹራቧ ቤት ገመድ ላይ ተሰቅሏል።

«የጨመርካቸውን መስመሮች አጥፋቸው» አለች በመጨረሻ።

«ለምን?»

«አምስት ማለቱን ራሳቸው ይዩት። ከዚያ ትመልሳቸዋለህ።»

ላቀው ጭንቅላቱን አከከ። ከዚያ መስመሮቹን አጠፋቸው፤ «5:00» ተመልሶ ብቅ አለ። ስጦታ ላፕቶፑን እንደተከፈተ በነጠላዋ ሸፍና ወጣች። ላቀውም እያጉረመረመ ከኋላዋ ተከተለ።

ባለበቅሎዎቹ ከማኅበሩ አዳራሽ ደጅ ቆመዋል። አባቷ ከሁሉም ራቅ ብሎ የበቅሎውን አንገት ያሻሻል። ስጦታ የማኅበሩን ሊቀመንበር አልፋ መጀመሪያ ወደ እሱ ሄደች፤ ነጠላውንም ገለጥ አደረገች።

«አባየ፣ ዓይንዎ ደህና ነው» አለችው። «ያዩት አምስት ነበር።»